የድሮ የውድድር መኪና ዋጋ በመመሪያ ይታወቃል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የራሴ ጋራዥ አለኝ። አንድ ፈረንጅ ደንበኛዬ ለብዙ ዓመት የውድድር መኪናቸውን እኔ ጋ ነበር የሚያሠሩት። መኪናዋ የ1971 ፎርሙላ ፎርድ የሚባለው ዓይነት ባለ አንድ ወንበር የውድድር መኪና ናት፣ መርሊን ማርክ 20 ትባላለች። በየዓመቱ ሰሚት ፖይንት ወደሚባለው የውድድር ትራክ ወስደው ይወዳደሩባት ነበር። ሰውየው አምና አረፉ። ባለቤታቸው ለሌላ ሰው መሸጥ አልፈለጉም። «አንተ ታውቃታለህ፣ አንተ ውሰዳት፤ ዋጋዋንም አንተው ንገረኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ግን ጭንቀት ውስጥ ገባሁ። ትልልቆቹ የዋጋ መመሪያዎች ላይ ፈልጌ አጣኋት። የውድድር መኪና ዋጋ የሚያወጡ ሁለት ዝርዝሮች አገኘሁ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጄ መሀሉን ያዝ ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ዝቅተኛውን ብትነግራቸው የመበለት ገንዘብ በላ ትባላለህ» ትለኛለች። የትኛውን መመሪያ ልመን? ኢንሹራንስስ በየትኛው ዋጋ ልግባ?

መካኒኩ

መልስ፦

ውድ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ የደንበኛዎን ነፍስ ይማር። ባለቤታቸው ዋጋውን አንተ ንገረኝ ማለታቸው ትልቅ እምነት ነው። ጭንቀትዎም ከዚያ የመጣ ስለሆነ ደግ ጭንቀት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ከሁለቱ ዝርዝሮች የትኛውንም አይመኑ። መሀሉንም አይያዙ። ሁለት ያልተረጋገጡ ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ቢካፈሉ የሚወጣው ሦስተኛ ያልተረጋገጠ ቁጥር ነው።

ይህን ስል ዝርዝሮቹ ውሸታም ናቸው ማለቴ አይደለም። ሁለቱም በቅንነት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሁለቱም የእርስዎን መርሊን አላዩዋትም። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ መጀመሪያ «ዘንድሮ በሬ ስንት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። መመሪያው የሚነግርዎ የገበያውን ወሬ ብቻ ነው። ጥርሱን የሚያዩት እርስዎ ነዎት።

የዋጋ መመሪያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። አዘጋጆቹ የጨረታ ውጤት ይሰበስባሉ፣ ነጋዴዎችን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ መኪናውን በደረጃ ይከፍላሉ። አሜሪካ ውስጥ በጣም የታወቀው የሀገርቲ መመሪያ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ለቁንጅና ውድድር የምትቀርብ እንከን የለሽ መኪና ነው። አራተኛው የምትሄድ፣ ግን ጉድለቷ በግልጽ የሚታይ ነው። ለመንገድ መኪና ይህ አሠራር ጥሩ ነው። የ1967 ፎርድ ሙስታንግን እንውሰድ። ከ470 ሺህ በላይ ተመርቷል። ዛሬም ድረስ በየጊዜው ብዙ ይሸጣል። ያን ሁሉ ሽያጭ የሰበሰበ ሰው የሚያወጣው ዋጋ ለእውነት ቅርብ ነው።

የውድድር መኪና ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በዓመት ውስጥ በይፋ የሚሸጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱም አንዷ ሌላዋን አትመስልም። አንዷ ተጋጭታ ሻንሲዋ ተቀይሯል። አንዷ ሞተሯ ትናንት ተሠርቷል። ሌላዋ ሀያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆማ ነበር። መመሪያው እነዚህን ሁሉ «ፎርሙላ ፎርድ፣ 1970ዎቹ» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ይጨምራቸዋል።

የአራቱ ደረጃ አመዳደብም የውድድር መኪና ላይ ያሳስታል። ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ግን ለብዙ ዓመት ትራክ ያልነካች መኪና በመመሪያው ዓይን አንደኛ ልትሆን ትችላለች። መወዳደር ለሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ወጪ የምታስከትል መኪና ናት። ፋይበሯ የተጫጫረ፣ ቀለሟ የጠጠር ምት ያለበት፣ ባለፈው ወር ተወዳድራ በሰላም የገባች መኪና ከእሷ የበለጠ ልታወጣ ትችላለች።

የጨረታ ውጤትም ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትልቅ ምሳሌ ልስጥዎ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ2018 ካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ላይ አንዲት የ1962 ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ። መዶሻው የወደቀው ግን 44 ሚሊዮን ላይ ነበር። ቀሪው ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚጨምረው ክፍያ ነው። ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ከመቶ ከገዢው ይወስዳሉ። ከሻጩም ኮሚሽን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ይህች መኪና ይህን ያህል አወጣች» ሲባል ገዢው የከፈለው ነው ወይስ ሻጩ እጅ የገባው ብሎ መጠየቅ ይገባል። እርስዎና ወይዘሮዋ በመሀላችሁ ጨረታ ቤት የለም። ክፍያው የተጨመረበትን ዋጋ ይዘው ቢነሱ፣ ማንም ያልሠራውን የኮሚሽን ሥራ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ክፍያው የሌለበትን ይዘው ቢነሱ ደግሞ ገዢዎች በተግባር ከሚያወጡት በታች ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዝርዝሮችዎ ከተራራቁበት ምክንያት አንዱ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ በየትኛው መንገድ እንደሚቆጥሩ መግቢያቸውን ያንብቡ።

እዚያው ጂቲኦ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። በ2014 አንዷ በጨረታ 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣች። በ2018 ያቺ 48.4 ሚሊዮን፣ በ2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ሌላዋ 51.7 ሚሊዮን። ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ነጥብ አድርጎ መስመር ቢያሰምሩበት ዋጋው ቀጥ ብሎ እየወጣ ይመስላል። ግን ሦስት የተለያዩ መኪናዎች ናቸው። የ2023ቷ የፌራሪ ኩባንያ ራሱ የተወዳደረባት፣ መጀመሪያ ባለ 4 ሊትር ሞተር የነበረች ልዩ መኪና ናት። የቀሩት ጂቲኦዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በር ተዘግቶ፣ በሁለት ሰዎች መሀል ነው የሚሸጡት። ያ ዋጋ ብዙ ጊዜ በይፋ አይነገርም። ዓለም በሙሉ ዓይኑን የተከለባት መኪና እንኳ ዋጋዋ በዚህ መንገድ ከተገመተ፣ ስለ መርሊን ያለው መረጃ ምን ያህል የሳሳ እንደሚሆን ያስቡት።

ጨረታ ላይ ቀርባ ያልተሸጠችውንም አይርሱ። ሻጩ የፈለገው ዋጋ ላይ ስላልደረሰች ተመልሳ የሄደች መኪና ብዙ ጊዜ ከመመሪያው ስሌት ውጭ ናት። ነጋዴ ማስታወቂያ ላይ የለጠፈው ዋጋ ደግሞ ምኞት ነው። መኪናዋ ስድስት ወር እዚያው ከቆመች ገበያው መልሱን ሰጥቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የውድድር መኪና ዋጋ ከብረቷ ይልቅ በማንነቷ ላይ ነው የሚቆመው። ይህች መኪና በእርግጥ ያቺ ናት ወይ?

በ1990 ለንደን ውስጥ አንድ ታዋቂ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። «ኦልድ ነምበር ዋን» የምትባለው ቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ በ1929 እና በ1930 የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን አሸንፋለች። ሻጭና ገዢ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሸጥ ተስማሙ። ገዢው በኋላ ከውሉ ወጣ። «ሌ ማን ካሸነፈችው መኪና የቀረ ብረት የለባትም ማለት ይቻላል» አለ። እውነትም በየዘመኑ ተቀያይራለች። በ1932 ብሩክላንድስ ላይ ከትራኩ ወጥታ ነጂዋ ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አካል ተሠርቶላታል። ዳኛው ግን ለሻጩ ፈረዱ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ጠፍታ በሌላ የተተካችበት ቀን የለም፣ ታሪኳ ሳይቋረጥ ቀጥሏል፣ ስለዚህ ያቺው ናት አሉ። 10 ሚሊዮኑን ያቆመው ያልተቋረጠ ታሪኳና ማስረጃው ነበር። ያንን የሚያስተምርዎ የዋጋ ዝርዝር አያገኙም።

በራሷ በመርሊን ቤትም ምሳሌ አለ። መርሊንን ይሠራ የነበረው እንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ የነበረ ኮልቸስተር ሬሲንግ ዴቨሎፕመንትስ የሚባል ትንሽ ፋብሪካ ነው። ከሠራቸው ማርክ 11ኤ መኪናዎች አንዷ «ማጂክ መርሊን» ትባላለች። በኋላ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆኑት ኤመርሰን ፊቲፓልዲና ጆዲ ሼክተር በወጣትነታቸው ነድተዋታል። አጠገቧ ካለች ተመሳሳይ ማርክ 11ኤ ጋር ሲታይ ብረቱ ያው ነው። ሞተሩም ያው 1600 የፎርድ ኬንት ነው። ዋጋዋ ግን በምንም ሒሳብ እኩል ሊሆን አይችልም።

የተሠራችበት ዓመትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ አገር ታሪካዊ ፎርሙላ ፎርድ የሚባለው ውድድር ከ1972 በፊት ለተሠሩ መኪናዎች ነው። ስለዚህ የ1971 እና የ1972 መኪና በዓይን ባይለዩም በገበያ ሊለዩ ይችላሉ። እዚህ አሜሪካም ክለቦቹ በዓመት ይከፋፍላሉ። የእርስዎ መርሊን የ1971 መሆኗ ጥሩ ነው፤ ግን በወሬ ሳይሆን በወረቀት ይረጋገጥ።

እንግዲህ መፈተሹ የእርስዎ ሙያ ነው። መኪናዋን ለዓመታት ስለሠሩ ከማንም በላይ ያውቋታል። ቢሆንም አሁን እንደ ሠራተኛዋ ሳይሆን እንደ ገዢ ይዩዋት።

ከወረቀቱ ይጀምሩ። አሜሪካ ውስጥ የውድድር መኪና ብዙ ጊዜ እንደ መንገድ መኪና የባለቤትነት ሰነድ የለውም። የሚተላለፈው በሽያጭ ውል ነው። ስለዚህ ሟች ራሳቸው የገዙበትን ውል ይፈልጉ፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩ ባለቤቶች ሰንሰለት ካለ ደግሞ ወርቅ ነው። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ (ኤስ ሲ ሲ ኤ) ወይም የድሮ መኪና ክለቦች የሚሰጡት የመዝገብ ደብተር ይኖራል። የት እንደተወዳደረች፣ መቼ እንደተመረመረች፣ መቼ እንደተጋጨች እዚያ ላይ ይጻፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያሉት ደብተሮች ከተገኙ የመኪናዋን ዋጋ በግልጽ ከፍ ያደርጋሉ። የዓለም የመኪና ውድድር የበላይ አካል የሆነው ኤፍ አይ ኤ የሚሰጠው የቴክኒክ ፓስፖርት ካላትም ጥሩ ነው። ግን ይጠንቀቁ፦ ያ ፓስፖርት መኪናዋ እንደ ዘመኗ ደንብ መሠራቷን ነው የሚናገረው፤ ታሪኳ እውነት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

ከዚያ የሻንሲ ቁጥሯን ሰሌዳ ከወረቀቶቹ ጋር ያመሳክሩ። ሰሌዳ በሁለት ሪቬት ይነቀላል፣ ይለጠፋል። የመርሊን ማርክ 20 ሻንሲ ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ ተጋጭቶ አዲስ ማሠራት ይቻላል፣ ብዙዎቹም አሠርተዋል። አዲስ ሻንሲ መኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም። አሮጌው ሻንሲ ሌላ ቦታ ተጠግኖ በዚያው ቁጥር ሌላ መኪና ሆኖ ከተነሳ ግን ከባድ ችግር ነው። የመርሊንን መዝገብ የሚከታተሉ አፍቃሪዎች አሉና ቁጥሩን ይስጧቸው፤ በዚያ ቁጥር ሌላ መኪና ተሰምቶ እንደሆነ ይነግሩዎታል።

ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ይዩ። የዚያ ዘመን አንዳንድ መኪናዎች ውሃና ዘይት በሻንሲው ቱቦ ውስጥ ያሳልፉ ስለነበር ከውስጥ ይዝጋሉ። ማግኒዥየም የሆነውን ሁሉ፣ ለምሳሌ የካምቢዮ ቤቱን፣ የስንጥቅ ምርመራ ያስደርጉ። ለሞተሩ መጨረሻ የተሠራበትን ደረሰኝና ከዚያ ወዲህ የሮጠበትን ሰዓት ይያዙ። ኬንት ሞተር መለዋወጫ አያጣም፤ ፎርድ ራሱ ብሎኩን ከዓመታት በኋላ እንደገና አምርቶታል። ይህ ለእርስዎም ለዋጋውም ጥሩ ዜና ነው።

ቀኑ የሚያልፍበት ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። ኤስ ኤፍ አይ በሚባለው የአሜሪካ የውድድር ዕቃ ደረጃ የተሠራ የደህንነት ቀበቶ 2 ዓመት፣ የኤፍ አይ ኤው 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። የነዳጅ ታንኩ የጎማ ከረጢትም በኤፍ አይ ኤ ደንብ 5 ዓመት ነው፤ ተመርምሮ ትንሽ ሊራዘም ይችላል። ክለቦች እንደየደንባቸው ይለያያሉ። እሳት ማጥፊያና ጎማም ቀን አላቸው። እነዚህን ሁሉ ለመተካት የሚወጣውን ገንዘብ በወረቀት ደምረው ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። ቅናሹን ለወይዘሮዋም ያሳዩ።

እግረ መንገድዎን የሰውየውን መደርደሪያም ይቁጠሩ። ይህን አጥብቄ የምለው ከዝርዝሮቹ ውስጥ ስለማይገባ ነው። የፎርሙላ ፎርድ ባለቤት የሂውላንድ ካምቢዮ ጥርስ በሣጥን ያጠራቅማል። ለእያንዳንዱ ትራክ የሚስማማ ጥርስ ይቀያየራል። ትርፍ ቸርኬ፣ ትርፍ አፍንጫ፣ የሳስፔንሽን ዘንግ፣ የሻንሲ ማቃኛ፣ ተጎታች ጋሪ ሊኖር ይችላል። ተደምሮ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለቤታቸው ግን «የብረት ቁርጥራጭ» ብለው ሊጨምሩልዎት ይችላሉ። ባለቤትዎ የፈሩት ነገር የሚደርሰው፣ ቢደርስ፣ በመኪናዋ ዋጋ ሳይሆን በዚህ ሣጥን ነው። ለብቻው ተዘርዝሮ፣ ለብቻው ዋጋ ይውጣለት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። እርስዎ ገዢም ገማችም መሆን አይችሉም። ልብዎ ንጹሕ ቢሆንም አይችሉም። ዝቅ ቢያደርጉ ራስዎን ጠቀሙ፤ ከፍ ቢያደርጉ በይሉኝታ ቤተሰብዎን ጎዱ። ከዓመት በኋላ የሴትየዋ ልጅ ወይም ጎረቤት አንድ የጨረታ ዜና አይቶ «ያኔ ስንት ነበር የሸጥሽለት?» ቢላቸው፣ ከሁለቱ ዝርዝሮች አንዱን ማሳየት አያድንዎትም።

ስለዚህ የሦስተኛ ሰው ግምት ያስፈልጋል። የድሮ የውድድር መኪና የሚያውቅ ገማች ይፈልጉ። የመንገድ መኪና ገማች አይበቃም። ሰሚት ፖይንትም ሆነ ቪ አይ አር በሚባለው የቨርጂኒያ ትራክ ላይ የድሮ መኪና ውድድር ሲኖር ፓዶክ ውስጥ፣ ማለትም መኪናዎቹ በሚዘጋጁበት ግቢ፣ ይዙሩ። ፎርሙላ ፎርድ የሚነዱትን ሰዎች ማን እንደሚገምትላቸው ይጠይቁ። በቅርቡ ማን ገዛ፣ ስንት ሰጠ፣ መኪናዋ ምን ዓይነት ነበረች፣ ብለውም ይጠይቁ። እነዚያ ሰዎች የሚነግሩዎ ሁለትና ሦስት እውነተኛ ሽያጭ ከማንኛውም ዝርዝር ይበልጣል። የገማቹን ክፍያ እርስዎ ይክፈሉ፤ ሪፖርቱ ግን በወይዘሮዋ ስም ይጻፍ፣ በቀጥታ ለእሳቸው ይድረስ። ገማቹ መኪናዋን ለመግዛትም ለመሸጥም የማይፈልግ መሆን አለበት።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሁለቱን ዝርዝሮች፣ የገማቹን ሪፖርት፣ የእርስዎን የጥገና ወጪ ስሌት፣ የመለዋወጫውን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። በጨረታ ቢሸጡ ምን ያህል ሊያገኙ እንደሚችሉ፣ ኮሚሽንና ማጓጓዣ ምን ያህል እንደሚወስድባቸው በግልጽ ይንገሯቸው። የቤተሰብ ሰው አብሯቸው ቢቀመጥ ይሻላል። «አይ፣ አንተን አምናለሁ፣ ወረቀት አያስፈልግም» ቢሉ እንኳ ወረቀቱን ይስጧቸው። ዋጋውን የሚወስኑት እሳቸው ይሁኑ። ከገማቹ ቁጥር በታች ሊሸጡልዎት ከፈለጉ መብታቸው ነው፤ ስጦታ ይሆናል፣ ስጦታ መሆኑን ሁለታችሁም አውቃችሁ። እርስዎ ግን ከዚያ ቁጥር በታች አይጠይቁ። ዋጋው ከአቅምዎ በላይ ከሆነ በክፍያ ይከፋፈል ወይም ሌላ ገዢ እንዲያገኙ ይርዷቸው። ያቺን መኪና ለዓመታት የሠራ መካኒክ አብሮ ከቀረበ ገዢ አይጠፋም።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ዝርዝሮቹን አይጣላቸው። ያው ዝርዝር ከዓመት ዓመት ሲወዳደር የገበያውን አቅጣጫ ያሳያል። ፎርሙላ ፎርድ ዘንድሮ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለውን ለማወቅ ይረዳል። ለዚያ ይጠቀምበት።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ «የስምምነት ዋጋ» የሚባለውን ዓይነት ይጠይቁ። እርስዎና ድርጅቱ አስቀድማችሁ የተስማማችሁበት ዋጋ ነው፤ መኪናዋ ብትጠፋ እሱ ይከፈላል። ማስረጃ ሲጠይቁዎት የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን የገማቹን ሪፖርት፣ ፎቶግራፎችና የሞተሩን ደረሰኝ ይላኩ። የመለዋወጫውን ሣጥንና ተጎታቹን በፖሊሲው ላይ ለየብቻ ያስጽፉ፤ ካልተጻፉ አይከፈልባቸውም። ደግሞም በደንብ ያንብቡ፦ የተለመደው ፖሊሲ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ሳለችና ስትጓጓዝ ነው የሚሸፍነው። ትራክ ላይ የሚደርስ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም፤ ለዚያ የተለየ ሽፋን ለየውድድሩ ይገዛል። ሰሚት ፖይንት ሊወስዷት ካሰቡ ከመጫንዎ በፊት ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ይደውሉ።